ጓደኛውን ያመጣ ስሙ አይጠየቅም

የተከበሩ የኮሌጃችን ዲን፤ የሲስተር ባለቤት፣ ወንድሜ ሹፌሩ፤ ልጇ፣ የእኔም ልጅ፤ መምህራን፤ የጥበቃ፣ የወጥ ቤትና የጽዳት ባልደረቦቼ፤ እዚያ ከኋላ ዛፉ ሥር የቆማችሁ ተማሪዎች፣ ቅረቡ። እባካችሁ ቅረቡ። ድምፄ ትንሽ ነው።

እኔ የልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ሠራተኛ ነኝ። ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ፤ በየሳምንቱ አንሶላችሁን የምትጥሉት እኔ ጋ ነው። ሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም። ትናንት ባለቤቷ መጥቶ «አንቺ ተናገሪላት» ሲለኝ፣ «እኔ ምን አውቄ? ስንት መምህር እያለ?» አልኩት። «እነሱ የሚያገኟት በወር አንዴ ስብሰባ ላይ ነው። አንቺ ጋ ግን በየቀኑ ምሳዋን ትበላለች» አለኝ። ምን ልበል? እውነቱን ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ በመተኮሻ ጠረጴዛዬ ላይ ምሳዋን በልታለች።

ስለዚህ ሌሊቱን ጻፍኩት። አሁንም የጻፍኩትን ነው የማነበው። ወረቀቱ ሲንቀጠቀጥ የምታዩት በነፋስ አይደለም። ፈርቼ ነው።

ሰው ፊት መቆም ያስፈራል፤ እሱስ ይሁን። እኔን ያስፈራኝ ግን ነገ ነው።

ነገ ፈተና ያልቃል። ነገ ከሰዓት በኋላ ሜዳው ላይ ምን ያህል እንደሚጠጣ እዚህ የቆመ ሁሉ ያውቃል። ተማሪው ያውቃል፤ ጥበቃው ያውቃል፤ እኔም በማግስቱ ከሚመጣልኝ አንሶላ አውቃለሁ። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ በዚያ ቀን ሲስተር ክሊኒኩ በር ላይ ወንበር አውጥታ ትቀመጥ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ጫማዋን እያሰረች ሳለ ልቧ ቆመ። ነገ የለችም። በዚያ ቀን እሷ ሳትኖር የመጀመሪያችን ነው። አትፈሩም? እኔ እፈራለሁ።

ሲስተር ማን ነበረች?

አንዳንዱ ሰው «ይቺ ነርስ ልጆቹን መጠጥ ታስተምራለች» ይል ነበር። አንድ አባት እንዲያውም ከሩቅ መጥቶ ክሊኒኩ በር ላይ ጮኸባት። «ልጄን አትጠጣ በይው! አትጠጣ ማለት ምን ይከብዳል?» አላት። እሷ ወንበር ሰጠችው፤ ውሃ ሰጠችው። ከዚያ እንዲህ አለችው። «ጋሼ፣ የማይጠጣውን እሰየው እለዋለሁ። እንዳይጀምርም እለምነዋለሁ። የሚጠጣው ግን ስቆጣው አይተውም፤ እኔን መሸሽ ይጀምራል። ከሸሸኝ ደግሞ የወደቀ ዕለት በምን አገኘዋለሁ?» ሰውየው ውሃውን ጨረሰ። ሲወጣ «እኔንም ይሸሸኛል» አላት። ልቤን የነካኝ ይሄ ነው፤ ሊቆጣ መጥቶ ያንን ተናግሮ ሄደ።

ሲስተር ማን ነበረች? ረጅሙን ጠይቁት። ረጅሙን ታውቁታላችሁ፤ ሳጥኑን ከተሸከሙት አንዱ ነው፣ ከፊት በስተግራ በኩል የነበረው። ፈቃዱን ጠይቄዋለሁ፣ «ንገሪያቸው እትዬ» ብሎኛል።

ሰኞ ጠዋት ነበር። እኔ ፎጣ ልወስድ ክሊኒክ ገብቻለሁ። ረጅሙ ቅንድቡ ላይ ተሰንጥቆ ተቀምጧል።

«ምን ሆንክ?» አለችው።

«ደረጃ መታኝ።»

«ደረጃው ጠጥቶ ነበር?»

ሳቅ አመለጠው። «ኧረ እኔ ነኝ የጠጣሁት። ግን ብዙም አይደለም። አንድ ሁለት ብርጭቆ።»

«አንድ ነው ሁለት?»

«ሁለት ... ሦስት ቢሆን ነው።»

ቅንድቡን ሰፍታ ስትጨርስ የፕላስቲክ ብርጭቆ አነሳች፤ በጆግ ውሃ አቀረበችለት። «ቅዳሜ አረቄውን የቀዳኸውን ያህል ቅዳልኝ። አታጭበርብር፤ ልክ እንደዚያን ቀን አድርገህ» አለችው። ቀዳ። እጁ እንኳ አላመነታም፤ እስከ አፉ ሞላው። እሷ የሽሮፕ መስፈሪያዋን አወጣች፤ ያቺን ለልጆች መድኃኒት የምንለካባትን ትንሿን ኩባያ። ከብርጭቆው ወደ መስፈሪያው መገልበጥ ጀመረች። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት። አምስት።

«በመጽሐፍ ላይ አንድ የአረቄ መጠጥ ማለት ይቺ ናት» አለችው፣ መስፈሪያዋን ከፍ አድርጋ። «የአንተ አንድ አምስት ነው።»

«ሲስተር፣ መስፈሪያሽ ጠባብ ነው።»

«ጉበትህስ፣ ሰፊ ነው?»

እኔ ፎጣውን አፌ ላይ ይዤ ሳቅሁ። እሱ ግን መሳቁን ተወ። የሒሳብ ተማሪ ነው እኮ፤ ግን ሦስት ጊዜ አምስትን ለማስላት ያን ያህል ሲቆይ አይቼ አላውቅም። «አሥራ አምስት» አለ በመጨረሻ። ፊቱ ሌላ ሆነ።

«ከዚያ በኋላ ምን ታስታውሳለህ?»

«ምንም።»

«ደረጃውንስ?»

«ደረጃውንም ጓደኞቼ ናቸው የነገሩኝ።»

አልተቆጣችም። ዝም ብላ ጠበቀችው። ያቺን የእሷን ዝምታ ታስታውሳላችሁ? ሰው እውነቱን እስኪያወጣ ድረስ የምትጠብቀውን? እሱም «ያስፈራል» አለ።

«ታዲያ ምን ቢለወጥ ደስ ይልሃል?»

«መተው አልችልም ሲስተር። ጓደኞቼ ሁሉ ...»

«ተው አላልኩህም። ምን ትችላለህ ነው ያልኩህ።»

እሱ እየተናገረ እሷ ካርድ ላይ ጻፈችለት። የእሷን ቃል አልጻፈችም፤ የራሱን ቃል። በልቼ እወጣለሁ። ብርጭቆዬን ሌላ ሰው አይቀዳልኝም። በየመሃሉ ውሃ እጠጣለሁ። ማን ቶሎ ይጨርሳል የሚለውን ውድድር አልገባም። ብቻዬን አልመለስም። አስፈረመችውና ካርዱን ኪሱ ከተተችለት። እየወጣ በሩ ላይ ዞር ብሎ «ደህና ዋዪ፣ እትዬ መስፈሪያ!» አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ መጠሪያዋ ሆኖ ቀረ። እሷም ወደደችው።

ያ ካርድ በየሳምንቱ ከሱሪው ኪስ ይመጣልኝ ነበር። ሳላጥበው አውጥቼ በመስኮቱ ላይ አስቀምጥለታለሁ። እኔ ማንበብ የተማርኩት እንደዚያ ነው፤ ተማሪዎች ኪሳቸው ውስጥ ረስተው ከሚልኩልኝ ቁራጭ ወረቀት። ሲስተር ፊደሉ ሲያቅተኝ ዳቦዋን እየበላች ታሳየኝ ነበር። ስለዚህ ከሁለቱ ቀጥሎ የረጅሙን ካርድ ያነበብኩት እኔ ነኝ። የመጨረሻው መስመር ላይ በራሱ እጅ «እናቴ እንዳትሰማ» የሚል ጨምሮበታል።

ሲስተር ማን ነበረች? የምግብ አዳራሹን ግድግዳ ጠይቁት።

አንድ ቀን የጓንት ካርቶን ይዛ መጣች። ተማሪው ሁሉ ስሙን ሳይጽፍ ሁለት ነገር በቁራጭ ወረቀት ጽፎ እንዲከትበት አደረገች። ባለፈው ሳምንት ስንት ጠጣህ? ሌሎቹስ ስንት የጠጡ ይመስልሃል? ወረቀቶቹን ሁለታችን መተኮሻ ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግተን ለየናቸው። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ነበሩ። እኔ አነባለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። «ዜሮ፤ ሌሎቹ ስምንት። ዜሮ፤ ሌሎቹ አሥር። ሁለት፤ ሌሎቹ አሥራ ሁለት። ዜሮ፤ ሌሎቹ ሁሉም ይጠጣሉ።» ስንጨርስ እርሳሷን ጣለችው። «አየሽ ጉድ?» አለችኝ። «ከየሦስቱ ሁለቱ ጠብታ አልቀመሱም። ግን እያንዳንዱ እኔ ብቻ ነኝ የቀረሁት ብሎ ያስባል። እርስ በርስ እየተፈራሩ ነው የሚጠጡት።»

በትልቁ ጽፋ ግድግዳው ላይ ለጠፈችው። በማግስቱ ምሳ ሰዓት ሰልፉ ቆመ፤ ሁሉ ያነባል። አንዱ «ታዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ያ ሁሉ ጩኸት ከየት ነው የሚመጣው?» ሲል፣ ሌላው «ከእኛ ነዋ! ሰባት ሆነን እንደ ሰባ ነው የምንጮኸው» አለው። ሳቁ እስከ ወጥ ቤት ተሰማ። ከዚያ በኋላ ብርጭቆውን ገፍቶ «እኔ ይበቃኛል» የሚል ተማሪ በዛ፤ ማንም አልሳቀበትም። ይህን የነገራችሁኝ ራሳችሁ ናችሁ።

አሁን ሳቁ ያበቃል። ይቅርታ አድርጉልኝ።

ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ከናንተ ከተማሪዎቹ አንዳችሁም አልነበራችሁም። አንድ ልጅ ነበር፤ ሁለተኛ ዓመት። ፈተና ባለቀበት ቀን ጠጣ። ወደቀ። ጓደኞቹ መጥፎ ልጆች አልነበሩም። ይወዱት ነበር። የመኝታ ክፍሎች ተቆጣጣሪ ካየው ስለሚባረር ተሸክመው ክፍል አስገቡት፤ በጀርባው አስተኙት፤ ብርድ ልብስ አለበሱት፤ በሩን ቆለፉለት። «ይተኛ፣ ተኝቶ ይለቀዋል» አሉ። ሁላችንም የምንለው እኮ ይህንኑ ነው። ሲስተር ሁለት ሕንፃ አልፋ ተቀምጣ ነበር። ማንም አልጠራትም። ልጁ አስመለሰው፤ በጀርባው እንደተኛ አፈነው። በሩን ሲከፍቱት ቀዝቅዞ ነበር።

እናቱ ልብሱን ልትወስድ መጣች። አንዱ ሸሚዙ ገና እኔ ጋ ነበር። ተኩሼ ሰጠኋት። ሙቅ ነበር። እናቲቱ ሙቀቱ ሲሰማት ደረቷ ላይ ለጠፈችው፤ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አልተንቀሳቀሰችም። እኔ ከዚያ በኋላ ሙቅ ሸሚዝ ለማንም አቀብዬ አላውቅም። በርዶ ነው የምሰጠው። ለምን እንደሆነ ጠይቃችሁኝ ታውቃላችሁ፤ ይኸው ነው።

ቀጥሎ የምናገረውን ከግቢው ሠራተኛ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሷ። ስምንት ዓመት ሙሉ ለማንም አልነገረችብኝም። ባልናገረው ማንም አያውቅም። ግን ነገ ነው።

ያ ልጅ በሞተ በዓመቱ፣ እንደገና ፈተና ባለቀበት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ሦስት ሴት ተማሪዎች አራተኛዋን ይዘው ማጠቢያ ክፍሌ ገቡ። እግሯ ይጎተታል። «እትዬ፣ በእናትሽ ደብቂልን! ተቆጣጣሪው በሩ ላይ ነው፤ ካያት ትባረራለች፤ አባቷ ይገድላታል» አሉኝ። አለቀሱብኝ። አሳዘኑኝ። የታጠበው አንሶላ ክምር ላይ አጋደምኳት። በጀርባዋ። ብርድ ልብስ አለበስኳት። «ትተኛ፣ ይለቃታል» አልኩ። በሩን ቆለፍኩ። ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። አንሶላ ላሰጣ ወጣሁ።

ሰማችሁ? ሙቁን ሸሚዝ ያቀበልኩት እኔ ነኝ። በዓመቱ በሩን የቆለፍኩትም እኔ ነኝ።

ሲስተር ንጹሕ አንሶላ ፈልጋ መጣች። «በሩን ምነው ቆለፍሽው? አንቺ ቆልፈሽ አታውቂ» አለችኝ። «ዝም ብዬ ነው» አልኳት። ዋሸኋት። እሷ ግን ፊቴን አላየችም፤ እጄን አየች። እጄ ኪሴ ውስጥ ቁልፉን ጨብጦ ነበር። «ክፈቺ» አለችኝ።

የልጅቷ ከንፈር ሰማያዊ ሆኗል። ሲስተር በአንድ ጊዜ በጎኗ ገለበጠቻት፤ ጣቷን አፏ ውስጥ አስገብታ ያፈናትን አወጣች። «ጮክ ብለሽ ቁጠሪ» አለችኝ። «በትንፋሽና በትንፋሽ መሃል ስንት እንደደረስሽ ንገሪኝ።» ቆጠርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ጮክ ብዬ ቆጠርኩ። ሰባት፣ ስምንት። ሌላ ትንፋሽ አልመጣም። ዘጠኝ። አሥር። አሥራ አንድ ላይ መጣ። አሥራ አንድ! ቁጥር ያን ያህል ይረዝማል ብዬ አስቤ አላውቅም። አምቡላንሱ እስኪመጣ እየቆጠርኩ ነበር። ከሄደም በኋላ እየቆጠርኩ ነበር። እንዲያውም አንዳንድ ቀን አንሶላ ሳሰጣ ራሴን ስቆጥር አገኘዋለሁ።

ልጅቷ ተረፈች። ዛሬ በሕይወት አለች። የት እንዳለች አውቃለሁ፤ አልናገርም።

በሦስተኛው ቀን ሲስተር እንደልማዷ ምሳዋን ይዛ መጣች። መብላት አልቻልኩም። «ሪፖርት አድርጊኝ» አልኳት። «ይገባኛል፤ ሪፖርት አድርጊኝ።» ዳቦዋን ቆርሳ ግማሹን ፊቴ አስቀመጠች። «ሪፖርት ባደርግሽ ሌላው ሠራተኛ ምን ይማራል? በደንብ መደበቅ ነው የሚማረው» አለችኝ። «አንቺም፣ የዛሬ ዓመት የቆለፉት ልጆችም፣ ክፉዎች ስለሆናችሁ አይደለም። ፈርታችሁ ነው። ሰው እየፈራ እኔ ጋ አይመጣም።»

ዕለቱኑ ወደ ዲኑ ቢሮ ሄደች። እስክትመለስ ሁለት ማሽን ልብስ አጥቤ ጨረስኩ። ስትመለስ ፊቷ ቀልቷል። «ተስማማን» አለችኝ። «ጓደኛውን ያመጣ ስሙ አይጠየቅም። የመጣውም አይባረርም፤ ሲድን ሦስት ጊዜ እኔ ጋ ተቀምጦ ያወራል። በቃ።»

«ወረቀት ሰጡሽ?» አልኳት።

«ቃላቸውን ሰጡኝ» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ስምንት ዓመት ሆነ። ስንት ተማሪ መጣ? አርባ ሦስት። መዝገብ የለም፤ ግን የክሊኒኩን አንሶላ የማጥበው እኔ ነኝ። አርባ ሦስት። አንዳንዱ በጓደኛው ጀርባ፣ አንዳንዷ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ፣ አንዱ በወጥ ቤት ጋሪ ተጭኖ። አርባ ሦስቱም በእግራቸው ወጡ። ከናንተ መሃል ዛሬ እዚህ የቆማችሁ አላችሁ። ቀና በሉ፤ አላያችሁም።

አሁን ለምን እንደምንቀጠቀጥ ይገባችሁ።

ትናንት ረቡዕ፣ ሲስተር በሞተች በማግስቱ፣ በየሕንፃው በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። «ሰክሮ የተገኘ ተማሪ ከመኝታ ክፍሉ ይሰናበታል። የሰከረን ተማሪ የደበቀም ሆነ ይዞ የመጣ ስሙ ተመዝግቦ ለዲሲፕሊን ኮሚቴ ይቀርባል።» ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ይዞ የመጣ ይላል።

የመኝታ ክፍሎች ተቆጣጣሪ፣ ወንድሜ፣ እዚያ ቆመሃል። አልቀየምኩህም። ከመጣህ ሁለት ወርህ ነው። ለነገ የፈራኸው እኔ የፈራሁትን ነው፤ በምታውቀው መንገድ ልትከላከለው ሞከርክ። ማን ይነግርሃል? ያ ቃል የተያዘው በሁለት ሰው መሃል ነው። አንዷ እዚህ ተኝታለች። ሌላኛው፣ ክቡር ዲኑ፣ እዚህ ቆመዋል።

ይህ ወረቀቱ ላይ የለም፤ ዛሬ ጠዋት ሁለት ሴት ልጆች አንሶላቸውን ሲጥሉ፣ አንዷ ለአንዷ «ነገ አንድ ነገር ከተፈጠረ የትም አንወስዳትም፤ ክፍላችን አስገብተን እንቆልፋለን» ስትላት ሰማሁ። እጄ ሳሙና ውስጥ ነበር። ገንዳውን ይዤ ቆምኩ። አንድ ቀን ብቻ! አንድ ወረቀት ተለጥፎ አንድ ቀን ብቻ ነው የፈጀው።

ክቡር ዲን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የእኔ ቢጤ በቀብር ላይ ቆሞ አለቃውን እንዲህ አይጠይቅም። ስብሰባ እስኪጠራ እንዳልጠብቅ ነገ ነው። ያ ቃል አለ? ወይስ ከእሷ ጋር ልንቀብረው ነው? አፈሩ ገና አልተመለሰም። አሁኑኑ ይመልሱልኝ አልልም፤ እርስዎም አዝነዋል፤ አያለሁ። ግን ከዚህ ስንመለስ፣ ቢሮዎ ከመግባትዎ በፊት፣ ያንን ወረቀት ከየበሩ ያስነሱልን። በምትኩ የእሷን ቃል ያስጽፉልን። በቃል የነበረው አሁን ይጻፍ፤ እንግዲህ እሷን ሄደን መጠየቅ አንችልም።

ተማሪዎች፣ ልጆቼ። አንድ ነገር ደግሞ ሰምቻለሁ። ሳጥኑን ተከትለን ስንመጣ ከኋላዬ «ነገ ለእትዬ መስፈሪያ እንጠጣላት፣ እስክንወድቅ እንጠጣላት» ስትባባሉ ሰምቻለሁ። ከፍቅር ነው፤ አውቃለሁ። ግን እስክትወድቁ? ለእሷ? አሥራ ሰባት ዓመት የወደቀ ስታነሳ ለኖረች ሴት? እባካችሁ። የምትጠጡ ካላችሁ በልታችሁ ሂዱ፤ ቀስ በሉ፤ ውሃ ይኑራችሁ፤ ከመሃላችሁ የማይጠጣ አንድ ሰው ይኑር፤ መሪ የሚይዝ አይጠጣ። የማትጠጡ፣ ብዙዎቻችሁ የማትጠጡ ናችሁ፤ ቆጥሬያችኋለሁ፤ አታፍሩ።

አሁን እስኪ መልሱልኝ። ድምፃችሁን ልስማ። የወደቀ ሰው እንዴት ይተኛል?

በጎኑ። አልሰማሁም፤ እነዚያ ከኋላ! በጎኑ። እሺ።

ብቻውን ይተዋል? አይተውም።

ቀዝቃዛ ውሃ ይደፋበታል? ቡና ይጠጣል? የለም። ምንም አይሰጠውም።

ስትጠሩት ካልነቃ፣ ቆዳው ከቀዘቀዘ፣ ትንፋሹ ከራቀ፣ በትንፋሽና በትንፋሽ መሃል አሥር ከቆጠራችሁ፣ ምን ታደርጋላችሁ? ትደውላላችሁ። ትጮኻላችሁ። በር ትከፍታላችሁ። ማን ያየኛል አትሉም።

የት ነው የምናመጣው? ክሊኒኩ ከማክሰኞ ጀምሮ ተዘግቷል፤ አዲስ ነርስ የሚመጣው በወሩ መጨረሻ ነው። እሺ። እኔ ነገ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ክሊኒኩ ደረጃ ላይ ነኝ። ነርስ አይደለሁም። መርፌ አላውቅም። ሰው በጎኑ ማስተኛት ግን አውቃለሁ። መቁጠር አውቃለሁ። አምቡላንስ መጥራት አውቃለሁ። ማን እንደሆናችሁ አልጠይቅም። ወረቀቱ ቢነሳም ባይነሳም እዚያ ነኝ። ለዚህ ከሥራ የምባረር ከሆነ፣ ክቡር ዲን፣ ይኸው ፊትዎ ቆሜ ተናግሬዋለሁ፤ አልደበቅሁም። መደበቅ ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁ።

ረጅሙ ራሱን እየነቀነቀ ነው። «እኔም አለሁ» ማለቱ መሰለኝ። እሺ የኔ ልጅ። ውሃ ይዘህ ና።

ወንድሜ ሹፌሩ፣ ልጄ፣ ለመሰናበቻ የተሰጠኝን ጊዜ ሁሉ በልመና ጨረስኩት። ይቅር በሉኝ። እሷ ብትኖር «ሙሾውን ተይውና ሥራውን ንገሪያቸው» የምትለኝ ይመስለኛል። ከሆነ ሆነ፤ ካልሆነ ደግሞ እናንተ ታውቋታላችሁ።

ሲስተር። እህቴ።

ሰዎቹ ስሄድ «ደፋር ሴት ናት» ይሉኝ ይሆናል። አንቺ እንዳታምኚያቸው። ሌሊቱን አልተኛሁም፤ ዛሬም አልተኛም። ነገ እየፈራሁ ነው የምቀመጠው። አንቺም በየዓመቱ በዚያ ቀን ምሳሽን ሳትበዪ ትመልሺው ነበር፤ ያኔ አልገባኝም ነበር። ትፈሪ ነበር ለካ። አሥራ ሰባት ዓመት ፈርተሽ ነው በሩ ላይ የተቀመጥሽው።

አሁን ይብቃሽ። እኛ እንፈራለን፤ አንቺ እረፊ።

እዚህ ከጎንሽ ያለው ቦታ ባዶ ነው። ስንገባ አይቼዋለሁ፤ ቆፋሪዎቹ በድንጋይ ምልክት አድርገውበታል። ለአንድ ዕድሜ ለጠገበ ሽማግሌ ይሁን። ለእኔም ይሁን። ከእነዚህ ልጆች ግን ለአንዱም አይሁን። የዛሬ ሳምንት ተመልሼ ስመጣ ባዶ ሆኖ ላግኘው።

ደህና ሁኚ እህቴ። ብቻሽን ተኚ።